ለሦስት ሰው አንድ አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ባለቤቴ፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጃችንና እኔ። ባለቤቴ (75 ኪሎ ነው) ቅዳሜና እሑድ ያለ ቁርጥ አይሆንለትም። ከሁለት ወር ወዲህ የውስጥ ሱሪው ላይ ነጭ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ያገኛል። ልጄ ደግሞ ማታ ማታ መቀመጫዋን ስታክ ታድራለች፤ ሰገራዋን አስመርምሬ "ምንም የለም" ተባልኩ። እኔ ሆዴ ይነፋል፣ ግሳቴ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ አንዳንዴም ያስቀምጠኛል። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ "አሜባ ነው" ተብዬ ቲኒዳዞል ወሰድኩ፤ ሁለት ሳምንት ይሻለኝና ይመለሳል። ከሦስት ሳምንት በፊት ለሁላችንም አንድ አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ገዝቼ ዋጥን፤ ለውጥ የለም። አማቴ "ኮሶ ይጠጣና ይገላገል" ይላሉ። ትሉ መድኃኒቱን ለምዶት ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ትሉ መድኃኒቱን አልለመደም። የጻፉልን ምልክት የሦስት የተለያዩ ተውሳኮች ይመስላል፤ የዋጣችሁት መድኃኒት ግን አንድ ነው። 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል አንድ ፍሬ ወስፋትን በደንብ ይገድላል፤ በባዶ እግር በኩል ገብቶ አንጀት ውስጥ ደም የሚመጠውን መንጠቆ ትልም ብዙውን ጊዜ ያስወጣል። የኮሶ ትልን ግን አንድ ፍሬ አይነቅለውም። ጃርዲያ በምትባለው በዓይን የማትታይ የአንጀት ተውሳክ ላይ እንዲሠራ በየቀኑ እየተወሰደ አምስት ቀን መዝለቅ አለበት። አሜባ ሲሆን ደግሞ መድኃኒቱ አይደለም። ልጅዎን የሚያሳክካት ትል በአንድ ፍሬ ይሞታል፣ እንቁላሉ ግን ይተርፋል።

እኛ አገር "የሆድ ትል" የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸከማል። ሲርበን እንኳ "ወስፋቴ ጮኸ" እንላለን፤ የሚጮኸው ባዶ አንጀት ውስጥ የሚገላበጥ አየርና ፈሳሽ እንጂ ትል አይደለም። ልጅ ጥርሱን ሲያፋጭ ትል ነው፣ ከረሜላ ሲወድ ትል ነው፣ ሲከሳ ትል ነው ይባላል። ጣፋጭ ትል አያመጣም፤ ጥርስ ማፋጨትም ምርመራ አይሆንም። መድኃኒት ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት "የትኛው?" ተብሎ ነው።

ከባለቤትዎ እንጀምር፣ የእሳቸው ይቀላል። የገለጹት ነገር የኮሶ ትል ቁራጭ ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም። ቁራጩ ርዝመቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የተቀቀለ ጠፍጣፋ ፓስታ ተቆርጦ የወደቀ ይመስላል፣ ሲደርቅ ደግሞ የሩዝ ፍሬ። ልዩ ምልክቱ ሰው ሳይጸዳዳም በራሱ እየተሳበ መውጣቱ ነው፤ ለዚህ ነው ልብስ ላይ የሚገኘው። ትሉ ራሱ ትንሹ አንጀት ላይ በአራት መምጠጫ ተጣብቆ ይኖራል። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር ይረዝማል፤ አፍም አንጀትም የለውም፣ ምግቡን በቆዳው ይመጥጣል። ካልታከመ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ተለቅ ብሎም አብዛኛውን ሰው ብዙ አያሳምምም፦ ቀለል ያለ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት አንዳንዴ መጨመር አንዳንዴ መቀነስ፣ ከዚያ ያለፈ እምብዛም ነው። ሰው በጣም ከከሳ "ኮሶ ነው" ብሎ መተው አያዋጣም፤ ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

ቁራጩን በንጹሕ ብልቃጥ ትንሽ ውሃ ጨምረው ወደ ላብራቶሪ ይውሰዱት። ይህ ከሰገራ ምርመራ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የኮሶ ትል እንቁላሉን ቁራጩ ውስጥ እንደያዘ ስለሚያወጣው ሰገራው ላይ ላይገኝ ይችላል። በዚያ ላይ በከብት ሥጋ የሚመጣውና በአሳማ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል እንቁላላቸው በማይክሮስኮፕ አይለይም፤ ቁራጩ ውስጥ ያለው የማህፀን ቅርንጫፍ ሲቆጠር ግን ይለያሉ። ልዩነቱ ዋጋ አለው። "ኮሶ ወደ ጭንቅላት ይወጣል" ተብሎ የሚወራው እውነትነት ያለው በአሳማው ትል ላይ ነው። የከብቱ ትል እንቁላል ሰውን አያሳምምም፤ የሚያሳምመው ሳር ላይ ያገኘውን ከብት ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ ለእርስዎም ለልጅዎም አያስተላልፉም። ቁራጩን ግን ሜዳ ላይ መጣል አይገባም፤ አንዱ ቁራጭ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይይዛል፣ ጊቢ ውስጥ ላም ካለችም ቀጣዩ ቁርጥ የሚበላሸው እዚያው ነው። መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይግባ።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ። በ10 ቢሰላ ለ75 ኪሎ 750 ሚሊ ግራም ይመጣል። ፍሬው 600 ሚሊ ግራም ሲሆን ብዙውን ጊዜ ለአራት የሚከፈል መስመር አለው፤ አንድ ፍሬና ሩብ ማለት ነው። ከምግብ ጋር፣ በብዙ ውሃ፣ ሳያኝኩ ይዋጥ፤ ከታኘከ ምሬቱ ያስመልሳል። በዚያ ቀንና በማግስቱ ሊያዞር ስለሚችል መኪና አይንዱ። የሚጥል በሽታ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ከባድ ራስ ምታት ካለባቸው፣ ወይም ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን እየወሰዱ ከሆነ፣ ሳይዋጥ በፊት ለሐኪሙ ይነገር፤ ሪፋምፒሲን ፕራዚኳንቴሉን ደም ውስጥ ሥራ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ፕራዚኳንቴል ከጠፋ ኒክሎሳማይድ አለ፦ ለአዋቂ 2 ግራም፣ ማለትም 500 ሚሊ ግራም የሆነው አራት ፍሬ በአንድ ጊዜ፤ ይሄኛው ግን በተቃራኒው በደንብ መታኘክ አለበት። ፋርማሲስቱ "ለቢልሃርዚያ ነው?" ብሎ ከጠየቀዎት አይገረሙ፤ መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ለቢልሃርዚያ ግን በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ስለሚሰጥ ስሌቱ እንዳይምታታ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይንገሩት።

ከዋጡ በኋላ ትሉ ሙሉ ሆኖ ላይወጣ ይችላል፤ ተቆራርጦ፣ ግማሹም ሟሙቶ ይወጣል። ጭንቅላቱን ሰገራ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። መዳናቸው የሚታወቀው በጊዜ ነው። ጭንቅላቱና አንገቱ ከቀረ ትሉ እንደገና አድጎ ቁራጭ መጣል የሚጀምረው በ3 ወር አካባቢ ነው። አዲስ ትል ከጥሬ ሥጋ ቢገባም ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ያው ነው። እንግዲህ መድኃኒቱን በወሰዱ ሳምንት ቁርጥ ከበሉ፣ ከሦስት ወር በኋላ ቁራጭ ቢታይ መድኃኒቱ ይክሸፍ ወይስ አዲስ ትል ይግባ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። አራት ወር ጥሬ ሥጋ ሳይበሉ ይጠብቁ። ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ እንደሚከብዳቸው እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ይብሉ ወይስ ይተዉ የሚለው የእሳቸው ምርጫ ነው፤ ግን ባልሆነ ነገር አይጽናኑ። ሚጥሚጣና አዋዜ፣ ሎሚና አረቄ ሥጋ ውስጥ ያለውን የትል ከረጢት አይገድሉትም። ለብለብ ክትፎም እንዲሁ፤ ከረጢቱ እንዲሞት የሥጋው መሐል 60 ዲግሪ መድረስ አለበት፣ ለብለብ ደግሞ ለብ ማለት ብቻ ነው። የቄራ ማኅተም ጥሩ ነው፣ ዋስትና ግን አይደለም፦ መርማሪው ምላሱን፣ የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ልቡንና ትከሻውን ሰንጥቆ ያያል፤ ከረጢቱ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ስለሆነ ጥቂት ብቻ ያለበት ከብት ያመልጠዋል። ቤት ውስጥ አስተማማኙ መንገድ ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር 10 ቀን ማቆየት ነው። ከፍሪዘር የወጣ ቁርጥ ቁርጥ አይደለም የሚሉ ካሉ አንከራከርም፤ ለክትፎ ግን ይሆናል።

ወደ ኮሶው እንምጣ። አማትዎ የሚሉት ከመሬት የተነሣ አይደለም። የኮሶ ዛፍ አበባ ትል ማስወጣቱ እውነት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲዎች ሳይቀሩ ከኛው አገር እያስመጡ ይሸጡት ነበር። ነገር ግን አንድ እፍኝ አበባ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን እንደ ዛፉ፣ እንደ አደራረቁና እንደ ዕድሜው ይለያያል፤ ስለዚህ ያነሰው ቁራጩን ብቻ ይበጥሳል፣ የበዛው ደግሞ በትውከትና በተቅማጥ ያዝላል፣ የዓይን ነርቭን ጎድቶ ማየት የሚያሳጣበት ጊዜም አለ። ለነፍሰ ጡር ጨርሶ አይሆንም። የድሮ ሰዎች ኮሶን በየሁለት ወሩ ይጠጡት እንደነበረ አማትዎ ያስታውሱ ይሆናል፤ ያ ልማድ ራሱ ይናገራል። ወይ ጭንቅላቱ እየቀረ ነበር፣ ወይ ጥሬ ሥጋው አልቀረም፣ ወይ ሁለቱም። ለአማትዎ "ኮሶውን ትተነው ሳይሆን የተመጠነውን አግኝተን ነው" ቢሏቸው ሳይቀየሙ ይቀበሉዎታል ብለን እንገምታለን።

ልጅዎ ዘንድ ያለው ሌላ ነው። ማታ የሚብስ የመቀመጫ ማሳከክ ላብራቶሪዎች ፒንወርም የሚሉት፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሆን፣ ነጭ ክር የመሰለ ትል ሥራ ነው። ሴቷ ትል ልጅቷ ስትተኛ ከአንጀት ወጥታ መቀመጫዋ ዙሪያ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ የሚያሳክካት እሱ ነው። እንቁላሉ ሰገራ ውስጥ ስለማይጣል የሰገራ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ አያገኘውም። "ምንም የለም" የተባሉት ላብራቶሪው ስለተሳሳተ አይደለም፣ የተሳሳተው ምርመራው ራሱ ነው።

ትክክለኛው ምርመራ በስኮች ነው፤ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት የሚሸጠው፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ስኮች። ጠዋት ልጅቷ ሳትታጠብና መጸዳጃ ሳትሄድ፣ የሚጣበቀውን በኩል መቀመጫዋ ዙሪያ ጫን አድርገው ያንሡት፣ ከላብራቶሪ በተቀበሉት ስላይድ ላይ ለጥፈው ይውሰዱት። ለሦስት ተከታታይ ጠዋት ቢደረግ አምልጦ የሚቀር ጥቂት ነው። እጅዎን ወዲያው ይታጠቡ። ሌላው መንገድ ከተኛች ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ በባትሪ ማየት ነው፤ ብዙ እናቶች ትሉን በዓይናቸው የሚያገኙት እንዲህ ነው። ሴት ልጅ ስለሆነች ትሉ ወደ ብልቷ ተሻግሮ ማቃጠልና አልጋ ላይ መሽናትም ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ካለ አይደንግጡ፣ ልጅቷንም አይቆጧት።

ሕክምናው አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም ነው፤ ለልጅዎ ተፈጭቶ ወይም ታኝኮ ይሰጥ፣ ፍሬውን እንዳለ እንድትውጥ አያስገድዷት፣ ያንቃታል። ዋናው ነገር ግን ሁለተኛው ዙር ነው። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ በመጀመሪያው ቀን ተርፎ የተዋጠው እንቁላል በሁለት ሳምንት ትል ሆኖ ይጠብቃል። ከሦስት ሳምንት በፊት የሰጧት አንድ ፍሬ ያልሠራው ለዚህ ነው። አሁን ከመጀመሪያው ይጀመር፦ ቤቱ ውስጥ የሚያድር ሁሉ፣ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ ሠራተኛ ካለችም እሷ ጭምር በአንድ ቀን ይውሰድ፤ ልክ በ14ኛው ቀን ሁሉም ይድገም። ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን መጠኑ ግማሽ ስለሚሆን፣ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ሐኪም ሳያይ አይሰጥም። እርስዎ እርጉዝ ከሆኑ ወይም ልሆን እችላለሁ ብለው ከጠረጠሩ አይውሰዱ፣ ሐኪም ያማክሩ። የባለቤትዎን ፕራዚኳንቴል በሌላ ቀን ቢያደርጉት ይሻላል፤ ቢያማቸው የትኛው እንዳመማቸው ይታወቃል።

መድኃኒቱን በወሰዳችሁ ማግስት ጠዋት አንሶላውን፣ ፒጃማውንና የውስጥ ልብሱን ሰብስበው በሙቅ ውሃ ይጠቡ። ሲያነሡት አያራግፉት፤ እንቁላሉ በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው፣ ሲራገፍ በአየር ላይ ይበተንና ሁላችሁም ትውጡታላችሁ። በጠንካራ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ እንቁላሉ ጥላና ርጥበት ባለበት ቤት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ የፀሐይ ጨረር ግን ይጎዳዋል። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ በርጥብ ጨርቅ መወልወል ይመረጣል። የልጅዎን ጥፍር ከሥሩ ይቁረጡ፣ ማታ የሚጠብቅ ፓንት ያልብሷት፣ ጠዋት ከመልበሷ በፊት መቀመጫዋን በሚፈስ ውሃ ይጠቧት፤ ሌሊት የተጣለውን እንቁላል የሚወስደው ይህ የጠዋት እጥበት ነው። በበርሜል ውሃ መዘፍዘፍ አይሆንም። ትምህርት ቤት ከጓደኞቿ እንደገና ልታመጣው ትችላለች፤ ከመጣ ያው ሁለት ዙር ይደገማል፣ የንጽሕና ጉድለት ነው ብሎ ማፈር አያስፈልግም።

የእርስዎ ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል፤ ብዙ ሰው የሚመላለስበትም ይኸው ነው።

የሚነፋ ሆድ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ግሳት፣ ደም የሌለበት ልል ሰገራ፣ ያለ ትኩሳት፦ ይህ አሜባን ሳይሆን ጃርዲያን ያስጠረጥራል። ሰገራዎ የሚቀባና ከውሃ በላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ ጥርጣሬው ይበረታል። ጃርዲያ ትል አይደለም፤ በማይክሮስኮፕ ብቻ የምትታይ ናት። የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ክፍል በመምጠጫዋ ይዛ የአንጀቱን ጥቃቅን ጣቶች ታሳጥራቸዋለች፤ እነዚህ ጣቶች ናቸው ምግብ የሚመጥጡትና የወተትን ስኳር የሚሰባብረውን ኢንዛይም የሚያመነጩት። ስብ ሳይመጠጥ ያልፋል፣ ሰገራው ይቀባል። የወተት ስኳር ሳይሰበር ወደ ታች ይወርዳል፣ ባክቴሪያዎች ያፈሉታል፣ ሆድ ይነፋል። አሜባ ግን የሚኖረው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው፣ ሲያምምም ደምና ንፋጭ የተቀላቀለበት ቶሎ ቶሎ የሚያስሮጥ ሰገራ ነው የሚያመጣው።

ታዲያ ለምን ሦስት ጊዜ አሜባ ተባሉ? የሚያሳምመው አሜባ ምንም የማያደርግ መንታ ወንድም አለው፤ ሲስታቸው፣ ማለትም በቅርፊት ተሸፍኖ የማይንቀሳቀሰው መልካቸው፣ በማይክሮስኮፕ አንድ ነው። ላብራቶሪው የአሜባ ሲስት አየሁ ቢል የትኛውን እንዳየ አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው ምልክት የሌለውን ሰው በዚህ ግኝት ብቻ ማከም እንደማይገባ የተናገሩት ለዚህ ነው። በማይክሮስኮፕ ክሱ የሚጸናው የሚንቀሳቀሰው አሜባ ሆዱ ውስጥ የዋጠውን ቀይ የደም ሴል ይዞ ሲታይ ነው። ሥራ የበዛበት ላብራቶሪ ውስጥ ነጭ የደም ሴል አሜባ የሚመስልበት ጊዜም አለ። የድሮ የውጤት ወረቀቶችዎ ካሉ ያውጧቸው፦ ሲስት ነው የሚለው ወይስ ትሮፎዞይት (የሚንቀሳቀሰው)? ቀይ የደም ሴል ተጽፏል?

ቲኒዳዞል ወስደው መሻልዎም አሜባ መሆኑን አያረጋግጥም። መድኃኒቱ ጃርዲያንም ይገድላል፤ ጃርዲያ ከነበረ ድነው ከውሃው ወይም ከሰላጣው እንደገና ሊይዝዎት ይችላል። የጨጓራ ባክቴሪያንም ለጊዜው ሊያደክም ይችላል። ጋዝ የሚያመነጩትን የአንጀት ባክቴሪያዎችም ስለሚቀንስ፣ ምንም ተውሳክ የሌለበት ሰው እንኳ ሁለት ሳምንት ሆዱ ሊቀለው ይችላል። እውነተኛ አሜባ ቢሆን ደግሞ ቲኒዳዞል ብቻውን አይበቃም፤ አንጀት ውስጥ የሚቀረውን ሲስት ለማጥፋት እንደ ፓሮሞማይሲን ወይም ዲሎክሳናይድ ያለ ሁለተኛ መድኃኒት መከተል ነበረበት። አልታዘዘልዎትም ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

አራተኛውን ቲኒዳዞል አይግዙ። ከመጨረሻው መድኃኒት ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል አራት፣ ይለፍ፤ መድኃኒቱ ተውሳኩን ሳይነቅል ቁጥሩን ብቻ ቀንሶ ምርመራውን ያታልላል። ከዚያ በአሥር ቀን ውስጥ፣ ቀን እየዘለሉ፣ ሦስት ናሙና ያስመርምሩ። ጃርዲያ አንድ ቀን ብዙ ይወጣል፣ በሌላው ቀን ምንም፤ አንድ ናሙና ብቻ ታይቶ "የለም" ማለት አይቻልም። ናሙናው የለውዝ ፍሬ ሁለት ሦስት የሚያህል ይሁን፤ ሽንትና ውሃ አይቀላቀለው፣ ንፋጭ ወይም ደም ያለበት ቦታ ካለ ከዚያ ይወሰድ። ውሃ የሆነ ሰገራ ከሆነ በ30 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት፤ የሚንቀሳቀሰው ተውሳክ ከሰውነት ሲወጣ ቶሎ ይሞታል፣ ከሞተ በኋላ ማንነቱ አይታወቅም። ቤት ቀድተው በታክሲ ይዘው ከመሄድ እዚያው ጤና ተቋሙ መጸዳጃ ውስጥ መስጠት የሚሻለው ለዚህ ነው። ሰገራውን በጨው ውሃ አቅልጦ ከሚያይ ተራ ምርመራ ሌላ፣ አጣርቶ የሚያከማች የምርመራ ዘዴ ወይም የጃርዲያ አንቲጂን ምርመራ (የተውሳኩን ፕሮቲን ሰገራ ውስጥ የሚፈልግ) ካላቸው ይጠይቁ።

ጃርዲያ ከተገኘ ለአዋቂ 2 ግራም ቲኒዳዞል፣ 500 ሚሊ ግራም የሆነው አራት ፍሬ፣ ከምግብ ጋር በአንድ ጊዜ ይበቃል። ለእርጉዝ ሐኪም ይወስናል። ከወሰዱ በኋላ ለሦስት ቀን ጠላም ጠጅም አረቄም አይቅመሱ፤ ልብ ያስመታል፣ ያስመልሳል። ከዚያ በኋላ ሆድዎ ወዲያው ካልቀለለ አይደናገጡ። ተውሳኩ ሞቶም የአንጀቱ ጣቶች እስኪያገግሙ ወተት ለሳምንታት ላይስማማዎት ይችላል። ሁለት ሳምንት ወተትና ማኪያቶ ትተው ይሞክሩ፤ እርጎና አይብ ብዙውን ጊዜ ይሻላሉ። እርስዎ የሚጾሙ ከሆነ ፈተናው ባለፈው ጾም ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፦ በሁዳዴ ቀሎዎት ነበር ወይ? ግን ተጠንቅቀው ያስቡት፤ በጾም ወተቱ ሲቀር ሽሮው፣ ባቄላውና ምስሩ ይበዛል፣ እነሱም በራሳቸው ይነፋሉ።

ሦስቱም ናሙና ንጹሕ ከሆነ ተውሳክ መፈለጉ ይብቃ። ቀጥሎ የጨጓራ ባክቴሪያ በሰገራ አንቲጂን ይታይ፤ ለዚህ ኦሜፕራዞል ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ አራት ሳምንት መቆም አለበት፣ ቲኒዳዞልም አንቲባዮቲክ ነው። በደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የድሮ ንክኪንም ስለሚያሳይ ዛሬ ባክቴሪያው ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። እስከዚያው ፌጦ በሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ የሚሉዎት ይኖራሉ፤ ጃርዲያውን አያጠፉም፣ የተቆጣ ጨጓራን ግን ያብሱበታል።

ውሃው ካልተስተካከለ ይህ ሁሉ ይደገማል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መፍላት እንደጀመረ አያውርዱት፣ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን መድኃኒት ተቅማጥ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን በግማሽ ሰዓት ይገድላል፤ የጃርዲያ ሲስት ግን ክሎሪንን ይቋቋማል፣ በተለይ ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ እናንተ ጋ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ለመጠጥና ለጥርስ መፋቂያ የፈላ ውሃ ይሁን። ሰላጣና ጎመን በኮምጣጤ መዘፍዘፍ አስተማማኝ አይደለም፤ ቅጠል በቅጠል እየተለየ በሚፈስ ውሃ ይታሸት፣ ወንዝ ዳር የተመረተ ሰላጣ ከሆነ ደግሞ ባይበላ ይሻላል። ጎመኑ ስለሚበስል አያሳስብም።

ምርመራውን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መሄድ ያለብዎት ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ትኩሳት ከቀኝ ጎድን ሥር ሕመም ጋር ከመጣ (አሜባ ጉበት ላይ እንዲህ ነው የሚጀምረው)፣ ሳይፈልጉ ከከሱ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰዎት ወይም ደም ማነስ አለብዎት ከተባሉ ነው። ሲሄዱ ባለፉት ስድስት ወራት የወሰዱትን እያንዳንዱን መድኃኒት፣ ስንት ፍሬና ለስንት ቀን እንደነበር፣ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ሐኪሙ አራተኛ ጊዜ ቲኒዳዞል ከመጻፉ በፊት ያንን ወረቀት ያሳዩት።